የዕለቱን ለዕለቱ እንልቀም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህ ጽሑፍ ልንወያይበት ያሰብነው ጉዳይ በዐውደ ምሕረት ላይ እምብዛም የማይነሣ፣ ነገር ግን ሁላችንም በየዕለቱ የምንሰናከልበት ነው። ይኸውም ሥራን፣ ትምህርትን፣ ስፖርትን፣ ምግብንና አገልግሎትን በአንድ ሰውነትና በአንድ ቀን ውስጥ እንዴት አስማምተን እንያዛቸው የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ያነሣነው ዐዋቂዎች ነን ብለን አይደለም። በዚህ ነገር አጥፍተን ስለ ተገኘን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደምናውቀው የእመቤታችን የልደት በዓል ግንቦት 1 ቀን በደብራችን በልደታ በታላቅ ድምቀት ይከበራል። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር የትንሣኤ በዓል ከመጋቢት 26 ቀን በታች አይወርድም፤ ከሚያዝያ 30 ቀንም አይወጣም። ስለዚህ ግንቦት ልደታ ምን ጊዜም በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ትውላለች፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወራት ማለት ነው። ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ያ ወራት የፈተናው ዝግጅት የሚጀመርበት ነው። እንግዲህ ሃምሳ አምስቱን ቀን በጾም ከቆየን በኋላ የበዓሉ ገበታ፣ የመዝሙሩ ጥናትና የትምህርቱ ጭንቀት ሁሉ በአንድ ሳምንት ላይ ይደራረባሉ።

በዚያ ሳምንት እኛ ገንዘብ አዋጥተን ክትፎ በልተን ነበር። በማግሥቱም ጥሬ ሥጋ ጨመርንበት። ሆዳችን ተነፍቶ፣ ዓይናችን ተከድኖ፣ ደብተራችንን ሳንገልጥ አደርን። በዋዜማው ሚያዝያ 30 ቀን ማታ ለጥናት ስንሰበሰብ፣ ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን ከበሮውን አንግቶ እንደ ቆመ ተንገዳገደና ወደቀ። በመጀመሪያ ከበሮው ከብዶት መስሎን የሣቅን ነበርን። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

ይህ ወንድማችን ቀን በእንጨት ሥራ ይውላል፤ ማታ ይማራል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ የሚሮጥ፣ በሩጫም ተስፋ የሚጣልበት ነበር። ከጥናት ስለሚቀር በስም መቆጣጠሪያው ላይ በቀይ እስክርብቶ ተደጋግሞ ተጽፎበታል፤ በጉባኤ ፊትም አስጠንቅቀነዋል። ለምን እንደሚቀር ግን ከእኛ ወገን የጠየቀው አልነበረም። የመረመረው ሐኪም የነገረን አጭር ቃል ነው፤ ሌላ ሕመም እንዳላገኘበት፣ የጎደለው እንቅልፍና ምግብ መሆኑን። ለካ የማታውን ትምህርት ክፍያ ለመሙላት ምሳውን ትቶ ኖሯል። እኛ በመብዛት ስንታመም እርሱ በማነስ ታሞ ነበር፤ ሁላችንም በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ መዝሙር ላይ ቆመን።

ከዚያ ቀን በኋላ ራሳችንን መረመርን። በመካከላችን አራት ዓይነት ሰው አገኘን። አንደኛው ትምህርት ብቻ የሚያውቅ ነው፤ ሌሊቱን በቡና እየገፋ ከአልጋው ይልቅ ከወንበሩ ጋር የተዛመደ። ሁለተኛው ስፖርት ብቻ የሚያውቅ ነው፤ የሰውነቱን ክንድ በየቀኑ የሚለካ፣ የኅሊናውን ክንድ ግን ለክቶት የማያውቅ። ሦስተኛው በየመዝናኛው ምን ይበላ ይሆን እያለ የሚዞር ነው። አራተኛው ሳይወቀስ የሚኖረው ነው፤ አገልግሎት እያለ ከቤቱ የጠፋ፣ እናቱ ውኃ ስትቀዳ እርሱ ጉባኤ ላይ ስለ ትሕትና የሚዘምር። አብዛኞቻችን ደግሞ አራቱንም በአንድ ጊዜ ለመሆን የምንሮጥ ነን። አባቶቻችን ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ያሉት ለእኛ ይመስላል። ገበያ ወጥተን የጨበጥነው የለም።

ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ነገር ምን ይለናል? በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እስራኤል በምድረ በዳ ሲራቡ እግዚአብሔር መናን እንዳዘነመላቸው እናነባለን። ትእዛዙም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጎሞር እንዲለቅም፣ ከዕለቱም ለማግሥቱ እንዳያስቀር ነበር። አንዳንዶች ግን ለነገ ብለው አሳደሩት፤ ሲነጋም ተልቶና ሸትቶ ተገኘ። መናው ከሰማይ የወረደ ነው፤ መጥፎ ነገር አልነበረበትም። ያበላሸው ከልኩ በላይ መያዙ ነው። በስድስተኛው ቀን ግን በትእዛዝ እጥፍ አድርገው ለቀሙ፤ ለሰንበት ያደረውም አልተበላሸም። ከዚህ የምንረዳው ልክ ማለት ሁልጊዜ ጥቂት ማለት አለመሆኑን ነው። ለጊዜው የሚገባውን ያህል ማለት ነው። ፈተና ሲደርስ ከወትሮው አብዝቶ ማጥናት ያለ ነው፤ በበዓል ቀንም ከወትሮው የተሻለ መብላት ያለ ነው። ጥፋቱ እጥፍ የሚለቀምበትን ቀን የዘወትር ልማድ ማድረጋችን ነው።

በጥር 22 ቀን የምናስበው የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስም በበረሃ ሳለ ልቡ ዝሎ፣ ጸሎቱ ከብዶት እንደ ነበር ይነገራል። መዳን እፈልጋለሁ፤ አሳቤ ግን አይለቀኝም ብሎ ወደ እግዚአብሔር ባመለከተ ጊዜ መልአክ በመነኩሴ አምሳል ታየው። መልአኩ ተቀምጦ ሰሌን ይታታ ነበር። ቆይቶ ተነሥቶ ይጸልያል፤ እንደ ገና ተቀምጦ ይታታል፤ እንደ ገና ይነሣል። አባ እንጦንስ ትምህርቱን አገኘ፤ ሥራና ጸሎት እንደ ሁለት እግር መሆናቸውን ተረዳ። በአንድ እግር ቆሞ መዋል ይቻል ይሆናል፤ በአንድ እግር መንገድ መሄድ ግን አይቻልም።

ስለዚሁ አባት የሚነገር ሌላም ታሪክ አለ። አንድ አዳኝ አባ እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ሲጫወት አይቶ ቅር አለው። አባም ቀስትህን ሳብ አለው፤ ሳበ። ጨምረህ ሳብ አለው፤ ሳበ። አሁንም ጨምር ባለው ጊዜ አዳኙ ይሰበርብኛል ብሎ ፈራ። አባም የወንድሞች ነገር እንዲሁ መሆኑን፣ ከልክ በላይ ቢወጠሩ እንደሚሰበሩ አስረዳው። የማይላላ ቀስት ውሎ አድሮ ይሰበራል፤ ፈጽሞ የላላ ቀስት ደግሞ ዱላ እንጂ ቀስት አይባልም።

እንግዲህ ወደ ስፖርቱ እንምጣ። ከመካከላችን አንዳንዶች ስፖርትን የዓለም ነገር ነው ብለው ይንቁታል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ግን ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 9 የክርስቲያንን ተጋድሎ ያስተማረው በሯጮችና በቡጢ ተጋጣሚዎች ምሳሌ ነው፤ የሚታገል ሰው በነገር ሁሉ ሰውነቱን እንደሚገዛም አስረድቷል። ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ደግሞ ሥጋን ማስለመድ ለጥቂት እንደሚጠቅም፣ እግዚአብሔርን መምሰል ግን ለሁሉ እንደሚጠቅም ነግሮታል። ለጥቂት ይጠቅማል ማለት አይጠቅምም ማለት እንዳልሆነ እናስተውል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ማለት ነው። ከቤታችን እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ፈጠን ብሎ በእግር መመላለስ ከዚህ ይቈጠራል፤ ገንዘብም አያስከፍልም።

ልክን ከሚያስተምሩን አንዱ የአገራችን ኩራት ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ማሸነፉን፣ በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቈይቶ በቶኪዮ መድገሙን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ የማናነሣው የ1968ቱን ነው። በሜክሲኮ ከተማ በተደረገው ማራቶን አበበ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ሩጫው ግን ለኢትዮጵያ አልጠፋም፤ ማሞ ወልዴ ቀጥሎ አሸነፈ። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከማይታዘዙት በኋላም አበበ ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1970 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተካፈለ። በሮጠበት ጊዜ ሮጠ፤ ማቆም በሚገባው ጊዜ አቆመ፤ መሮጥ ባልቻለ ጊዜ ተቀምጦ ቀስት ሳበ። አባ እንጦንስ ለአዳኙ ያስተማረውን ይህ ወታደር በሕይወቱ አሳይቶናል።

ትምህርትንና ስፖርትን ማጣመር አይቻልም የሚልም ካለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ያስብ። በልጅነቱ በአሰላ አቅራቢያ ወደ ትምህርት ቤት አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ያንኑ ያህል ይመለስ ነበር፤ ደብተሩን በክንዱ ሥር ይዞ ይሮጥ ስለ ነበር በአትላንታና በሲድኒ ወርቅ ሲያገኝ እንኳ ግራ ክንዱ እንደዚያው ጠጋ ብላ ትታይ ነበር። ለእርሱ ትምህርትና ሩጫ አንድ መንገድ ነበሩ።

ስለ ምግብ ስንናገር በጣም እንጠንቀቅ። ቤተ ክርስቲያናችን ምግብን አትኰንንም፤ ሥጋውንም ወተቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ስትጾም የምታስተምረን ሆድ ባርያ እንጂ ጌታ አለመሆኑን ነው። እኛ ግን ጾሙንም ጥጋብ እያደረግነው ነው። በዐቢይ ጾም ሥጋና ቅቤ ተውን ብለን ከጾም በያይነቱ ወደ ጾም ፒዛ፣ ከዚያም ወደ ጾም ኬክ እንዞራለን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየነውን በዘጠኝ ሰዓት ተኩል እንበቀለዋለን። ሲፈሰክ ደግሞ የሁለት ወር ዕዳ የሚከፈል ይመስል በአንድ ሌሊት ከዶሮው ወደ በጉ እንሻገራለን። ከዚያ ሐኪም ቤት የሚጓዘው ሰው ቁጥር ጥቂት አይደለም። ከሥጋው የተለየ ሰው ከስስቱ ካልተለየ ጾመ ማለት ይከብዳል።

የነቢዩ ዳንኤልን ነገር እንመልከት። እርሱም እንደ እኛ ተማሪ ነበር፤ በባቢሎን ሦስት ዓመት እንዲማር የታዘዘ። የንጉሡ ማዕድ ቀረበለት፤ እርሱና ሦስቱ ጓደኞቹ ግን አሥር ቀን በጥራጥሬና በውኃ እንዲፈተኑ ለመኑ። በአሥረኛው ቀን ፊታቸው አምሮ፣ በመጨረሻውም በጥበብና በማስተዋል ከሁሉ በልጠው ተገኙ። ዳንኤል ጾሙን ለትምህርቱ መድከም ምክንያት አላደረገም፤ ትምህርቱንም ለጾሙ መፍረስ ምክንያት አላደረገም። ከእኛ ስንቶቻችን ነን ፈተና አለብኝ እያልን ጾሙን፣ ጾም ነው እያልን ጥናቱን የምንተው?

እንቅልፍና ዕረፍትም ከእግዚአብሔር ናቸው። ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ከክትክታ ዛፍ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ መጀመሪያ ተግሣጽ አላመጣለትም። እንጎቻና ውኃ አመጣለት፤ በልቶም ተኛ። ሁለተኛ ቀስቅሶ እንደ ገና አበላው፤ በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀን ተጓዘ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው ደግሞ ሐዋርያት ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ጌታችን ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው። ይህን ለአገልጋዮች የተናገረው መሆኑን ልብ እንበል። እኛ የወደቀውን ወንድማችንን ያስተናገድነው በእንጎቻ አልነበረም፤ በቀይ እስክርብቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ከተነጋገርን በኋላ በመምህራችን ምክር እያንዳንዳችን ወረቀት ይዘን የሳምንታችንን ሒሳብ ሠራን። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በቀን ስምንት ሰዓት ብንተኛ 56 ይሄዳል፤ 112 ይቀራል። ለክፍልና ለጥናት 50፣ ለሥራና ለቤት እገዛ 20፣ ለቤተ ክርስቲያን 10፣ ለመንገድ 10፣ ለምግብና ለመታጠብ 14 ብንመድብ 104 ይሆናል። ስምንት ሰዓት ይተርፋል፤ ግማሹ ለስፖርት፣ ግማሹ ለጨዋታና ለዘመድ ይበቃል። ጊዜ የለኝም እያልን የምንምል ሁሉ በወረቀቱ ፊት አፈርን። ጊዜው ነበረ፤ ስልካችንን እየነካካን፣ በየካፌው ተቀምጠን ያፈሰስነው ጊዜ ነው።

የወንድማችን ወረቀት ግን አልሞላም አለ። እንዴት ብንደምረው 168 አይበቃውም። ስለዚህ በየዋህነት ከእነዚህ አንዱን ተው አልነው፤ ሥራውን፣ ወይም ትምህርቱን፣ ወይም ሩጫውን። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ እንዲህ አለን፤ "ሥራውን ብተው እናቴ ምን ትበላለች? ትምህርቱን ብተው እስከ መቼ እንጨት ስፍቅ እኖራለሁ? ሩጫውን ብተው ደስ የሚለኝ ሌላ ነገር የለኝም። የእኔ ልክ እኮ በእኔ እጅ ብቻ አይደለም።"

ይህ ቃል ስብከታችንን ሁሉ ገለበጠው። እስከዚያ ድረስ ልከኛነት እያንዳንዱ ለራሱ የሚያበጀው ነገር መስሎን ነበር። ወደ መናው ታሪክ ተመለስን፤ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 8 ያንኑ ታሪክ ጠቅሶት አገኘን። ሐዋርያው ብዙ የለቀመ እንዳልተረፈው፣ ጥቂት የለቀመም እንዳልጎደለበት ያነሣው ስለ ምጽዋት ሲያስተምር ነው፤ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ፣ ትክክልም እንዲሆን። ስለዚህ ጎሞሩ በድንኳኑ ሁሉ እኩል የሚሞላው ወንድም ወንድሙን ሲያይ ነው። የእኛ ክትፎና የእርሱ የተተወ ምሳ የአንድ ሚዛን ሁለት ወገኖች ነበሩ። እኛ ሳንወርድ እርሱ ሊወጣ አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ያደረግነው ጥቂት ነገር ነው፤ ለመመካት ሳይሆን ሌላው ክፍል ቢጠቅመው ብለን እንጽፈዋለን። የመዝሙሩን ጥናት በሥራ ላይ የሚውሉት በሚመቻቸው ሰዓት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አደረግነው። በስም መቆጣጠሪያው ላይ ከቀይ ምልክት በፊት ሄዶ የሚጠይቅ ሰው እንዲመደብ ተስማማን። በአንድ ዓይነት ትምህርት ላይ ያለን ማስታወሻችንን እንዋዋሳለን። በበዓለ ኀምሳ ለክትፎ እናዋጣ የነበረውንም ገንዘብ፣ ስሙን ከአንድ ሰው በቀር ማንም ሳያውቀው፣ ምሳ ለሚያጣ እንዲሆን አድርገናል። በመጀመሪያው ወር ወንድማችን አልቀበልም ብሎ ነበር። ኋላ ግን የራሱን ማስታወሻ ለሚያስጠናው ታናሽ ወንድም እየሰጠ ተቀበለ። እርሱም ሌሊት መሮጡን በሳምንት ወደ ሦስት ቀን አወረደ፤ በቀሩት ሌሊቶች ይተኛል።

ሁሉ ተስተካከለ አንልም። ከመካከላችን ሁለቱ አሁንም ሌሊቱን በቡና ያነጋሉ። የአንዳንዶቻችን ወረቀት ከሁለተኛው ሳምንት አላለፈም። ጥሬ ሥጋ ያየ ልባችንም አሁን ድረስ ይሸፍታል። ነገር ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ ጉድለታችንን ማየት ከጀመርን ወዲህ ቢያንስ የሚወድቅ ሰው ስናይ አንሥቅም።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ ስለ ጌታችን ልጅነት ሲጽፍ በጥበብና በቁመት፣ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት በሞገስ ማደጉን ነግሮናል። ጥበብ ትምህርታችን ነው፤ ቁመት ሰውነታችን ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት የሚሆነው ጸሎታችንና ጾማችን፣ በሰው ፊት የሚሆነው ሥራችንና ፍቅራችን ነው። አምላክ ሲሆን ስለ እኛ ሰው ሆኖ በእነዚህ በአራቱ ካደገ፣ እኛ በአንዱ ብቻ አድገን በሦስቱ ድንክ ሆነን ልንቀር አይገባም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዳችን ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ የራሳችንን 168 ሰዓት በወረቀት ላይ እንጻፍ። ሁለተኛ፣ በአጠገባችን የሚቆመውን ወንድም ወይም እኅት ምሳ በልተህ ነበር? በልተሽ ነበር? ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል፤ ይልቁንም መልሱን ከሰማን በኋላ።

የዕለት እንጀራችንን በልክ የሚሰጠን እግዚአብሔር፣ ልኩን የምናውቅበትን ልቡና ያድለን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የአባታችን የእንጦንስ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።